የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ከተጠባባቂ ወንበር የተነሡ አሰልጣኞች

በዚህ እትም የምናስተናግዳቸው ደብዳቤዎች ሁሉም ከሰሜን ሸዋ የተላኩ ናቸው። ከደብረ ብርሃን የደረሰንን ጥያቄ በዚህ ወር እንደምንመልስ ባለፈው እትም ስናስታውቅ ሌሎች አንባቢያንም በዚያው ጉዳይ ላይ ስለጻፉልን አንድ ላይ አቅርበናቸዋል። በመልሶቹ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ እንዲልልን እንጠይቃለን።

ጥያቄ፦ «የሠላሳ ሁለት ዓመት ሰው ነኝ። ከደብረ ብርሃን ተነሥቼ በሸዋ ሮቢት፣ በአጣዬና በሌሎችም ከተሞች ለሚገኙ የእግር ኳስ ቡድኖች ተጫውቻለሁ፤ ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ ያሳለፍኩት በተጠባባቂነት ነው። አሁን የሰፈራችን ታዳጊዎች እንዳሠለጥናቸው ጠይቀውኛል። ጓደኞቼ ‹አንተ ራስህ የት ደርሰህ ነው ሌላውን የምታደርሰው?› ይሉኛል። አሜሪካ የሚኖረው የአጎቴ ልጅ ግን በቤዝቦል የተጫዋችነት ዘመኑን በተቀያሪነት ያሳለፈ አንድ ሰው፣ በኋላ አሰልጣኝ ሆኖ የአገሪቱን ዋንጫ አራት ጊዜ እንደወሰደ አጫውቶኛል። እውነት ነውን? እውነት ከሆነስ እንዴት ሊሆን ቻለ?» አንባቢያችሁ፣ ከደብረ ብርሃን።

መልስ፦ የአጎትዎ ልጅ የነገሩዎት እውነት ነው። ሰውየው ብሩስ ቦቺ ይባላል። በ1955 የተወለደው በፈረንሳይ አገር ሲሆን፣ አባቱ የአሜሪካ ጦር ሠራዊት ባልደረባ ስለነበሩ ልጅነቱን ያሳለፈው ከቦታ ወደ ቦታ እየተዘዋወረ ነው። ሜጀር ሊግ በሚባለው የአሜሪካ ቤዝቦል ከፍተኛ እርከን ከ1978 እስከ 1987 ባለው ጊዜ ውስጥ ለሂዩስተን አስትሮስ፣ ለኒው ዮርክ ሜትስና ለሳን ዲዬጎ ፓድሬስ ተጫውቷል። በእነዚህ ዓመታት ዘጠኝ የውድድር ዘመናት ሲሳተፍ ሜዳ የገባባቸው ጨዋታዎች 358 ብቻ ናቸው። አንድ ክለብ በዓመት 162 መደበኛ ጨዋታዎች እንደሚያደርግ ስናስብ፣ ቦቺ በየዓመቱ በአማካይ አርባ ያህል ጊዜ ሲሰለፍ የቀሩትን ወይ ከወንበር ላይ ሆኖ ተመልክቷል፣ አለዚያም በታችኛው ሊግ ቆይቷል ማለት ነው።

ጨዋታውን አይተው ለማያውቁ አንባቢያን ጥቂት ማብራሪያ ያስፈልጋል። ገና ሲደርስ በመንዝ ሜዳ ላይ ሩር በዱላ ሲመታ ያየ ሰው ለቤዝቦል ፈጽሞ ባዕድ አይሆንም፤ ልዩነቱ ግን በገና ጨዋታ ሁሉም በአንድነት ወደ ኳሱ ሲሯሯጥ፣ በቤዝቦል መቺው ለብቻው ቆሞ ከአንድ ወርዋሪ ጋር መፋጠጡ ነው። ወርዋሪው ኳሱን በኃይል ይሰድዳል፤ መቺው ኳሱን በዱላው ከመታ በኋላ በሜዳው ላይ የተቀመጡትን፣ ቤዝ የሚባሉትን ምልክቶች በተራ እየረገጠ ዞሮ ወደ ተነሣበት ከተመለሰ ለቡድኑ ነጥብ ይቆጠራል። ከመቺው ኋላ ቁጢጥ ብሎ፣ ያልተመታውን ኳስ የሚቀበለው ተጫዋች ቀላቢ ነው፤ የቦቺ ቦታም ይህ ነበር። የመቺዎች ብቃት የሚለካው ከአንድ ሺህ ሙከራ ስንቱ ተሳካ በሚለው ስሌት ሲሆን፣ ወደ ሦስት መቶ የተጠጋ ተጫዋች ጎበዝ ይባላል። የቦቺ 239 ነው። ሆም ረን የሚሉትን፣ ከአጥሩ ውጭ የሚያርፈውን ምት ያገኘው በዘመኑ ሁሉ 26 ጊዜ ብቻ ሲሆን፣ ከነዚህ አንዱን በ1985 በዘመኑ እጅግ ይፈራ ከነበረው ወርዋሪ ከኖላን ራያን ላይ መትቶ ጨዋታውን በዚያው ጨርሶታል። እንዲህ ያሉ ቀናት ግን ጥቂት ነበሩ።

ለእርስዎ ጥያቄ ይበልጥ የሚጠቅመው ቦቺ በወንበሩ ላይ ሳለ ከማን አጠገብ ተቀምጦ እንደነበር ማወቅ ይመስለኛል። በ1984 ፓድሬስ ወርልድ ሲሪስ ለተባለው የፍጻሜ ፉክክር ደርሶ ከዲትሮይት ታይገርስ ጋር ሲጋጠም የክለቡ አሰልጣኝ ዲክ ዊሊያምስ ነበር። ዊሊያምስ ራሱ በተጫዋችነቱ በአምስት ክለቦች የተዘዋወረ፣ በየትኛውም የመሪነት ስም ያላገኘ ሰው ሲሆን፣ በአሰልጣኝነት ግን ኦክላንድን በ1972 እና በ1973 በተከታታይ ሻምፒዮን አድርጓል። በተቃራኒው ወገን የታይገርስ አሰልጣኝ የነበረው ስፓርኪ አንደርሰን ደግሞ በሜጀር ሊግ የተጫወተው አንድ ዓመት ብቻ ነው፤ በ1959 ለፊላደልፊያ 152 ጊዜ ተሰልፎ አንድም ሆም ረን ሳይመታ፣ በ218 ስሌት ዘመኑን ጨርሷል። አንደርሰን ሲንሲናቲን በ1975 እና በ1976 ለዋንጫ አብቅቶ ስለነበር፣ በ1984 ታይገርስ አራት ለአንድ ሲያሸንፍ ሜጀር ሊግ በተከፈለባቸው በሁለቱም ሊጎች ሻምፒዮን የሆነ የመጀመሪያው አሰልጣኝ ለመባል በቃ። እንግዲህ በዚያ ፍጻሜ ሁለቱን ቡድኖች ይመሩ የነበሩት ሰዎች በተጫዋችነታቸው ብዙም ያልተወራላቸው ሲሆኑ፣ ከሃያ ስድስት ዓመት በኋላ ያንኑ ዋንጫ የሚያነሣው ሦስተኛው ሰው ደግሞ በፓድሬስ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሁለቱንም ይመለከት ነበር።

ቦቺ ጫማውን እንደሰቀለ በቀጥታ ትልቅ ክለብ አልተሰጠውም፤ ጓደኞችዎ ሊያውቁት የሚገባው አንዱ ጉዳይ ይህ ነው። ከሜጀር ሊግ በታች ማይነር ሊግ የሚባሉ እርከኖች አሉ፤ ወጣቶች በአነስተኛ ክፍያ፣ በትንንሽ ከተሞች፣ ረጅም የአውቶቡስ ጉዞ እያደረጉ የሚማሩባቸው ናቸው። ቦቺ በ1989 በስፖካን ከወጣቶች ጋር ሥራ ጀመረ፤ በሚቀጥሉት ሦስት ዓመታት በሪቨርሳይድ፣ በሃይ ዴዘርትና በዊቺታ አሠለጠነ። በየዓመቱ ከተማና ቡድን መቀየር ማለት በየዓመቱ አዳዲስ ልጆችን ከስማቸው ጀምሮ ማጥናት ማለት ነው። ያም ሆኖ ከአራቱ ዓመታት በሦስቱ ያሠለጠናቸው ቡድኖች የሊጋቸውን ዋንጫ ወሰዱ። ከዚያ በኋላ እንኳ ዋና አሰልጣኝ አልሆነም፤ በ1993 እና በ1994 በፓድሬስ ምክትል ሆኖ፣ በሦስተኛው ቤዝ አጠገብ ቆሞ ሯጮችን «ሂድ፣ ቁም» እያለ በምልክት የሚያዝዝ ረዳት ነበር። ዋናውን ኃላፊነት የተረከበው በ1995 ነው።

መጥፎ ዓመታትም ነበሩት፤ እነርሱን ዘሎ ዋንጫውን ብቻ መተረክ ልክ አይሆንም። በ1996 የሊጉ የዓመቱ ምርጥ አሰልጣኝ ተባለ፤ በ1998 ቡድኑን ለፍጻሜ አድርሶ በኒው ዮርክ ያንኪስ አራት ለባዶ ተሸነፈ፤ ከ1999 እስከ 2003 ድረስ ደግሞ በተከታታይ አምስት ዓመታት ከሚያሸንፈው የሚሸነፈው በዛ። ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ጃይንትስ በተዛወረ ጊዜም የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት፣ 2007 እና 2008፣ ዘጠናና ከዚያ በላይ ሽንፈት የተመዘገበባቸው ናቸው። በእኛ አገር አንድ አሰልጣኝ ሦስት ጨዋታ ተከታትሎ ከተሸነፈ የሚደርስበትን ስለምናውቅ፣ ይህን ሁሉ ታግሠው ያቆዩት የክለብ ኃላፊዎችም ምስጋና ይገባቸዋል እላለሁ። ጃይንትስ በ2010፣ በ2012 እና በ2014 ሻምፒዮን ሆነ። ቦቺ በ2019 ሥራውን አቁሞ ከቆየ በኋላ፣ በ67 ዓመቱ ቴክሳስ ሬንጀርስን ተረክቦ በመጀመሪያው ዓመቱ፣ በ2023፣ ክለቡን በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ለዋንጫ አበቃ። ሬንጀርስ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት 94 ጨዋታ የተሸነፈ ክለብ ነበር፤ ቦቺ በ2010 የመጀመሪያ ዋንጫውን ያገኘውም ይህንኑ ሬንጀርስን አሸንፎ ነው።

አንድ ውሳኔውን ቀረብ ብለን እንመልከት። ጥቅምት 29 ቀን 2014 በካንሳስ ሲቲ የፍጻሜው ሰባተኛና የመጨረሻ ጨዋታ ይካሄዳል፤ ሁለቱ ቡድኖች ሦስት ሦስት ጊዜ ተሸናንፈዋል። ጃይንትስ ሦስት ለሁለት እየመራ ሳለ ቦቺ በአምስተኛው ዙር ማዲሰን ባምጋርነር የተባለውን ወርዋሪ አስገባ። ባምጋርነር ከሁለት ቀን ዕረፍት በስተቀር ምንም ሳያርፍ ነው የመጣው፤ አምስተኛውን ጨዋታ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ለብቻው ወርውሮ አሸንፏል። የወርዋሪ ክንድ እንዲህ ባለ አጭር ጊዜ እንደማያገግም ማንም ያውቃል፤ ስለዚህ ሁሉም የጠበቀው ለአንድ ወይም ለሁለት ዙር ያህል እንዲረዳ ነበር። ቦቺ ግን እየተመለከተ ተወው። ስድስተኛው ዙር አለፈ፣ ሰባተኛውም፣ ስምንተኛውም። በመጨረሻው፣ በዘጠነኛው ዙር፣ ለማሸነፍ አንድ መቺ ማሰናበት ብቻ ሲቀራቸው የካንሳስ ሲቲ ተጫዋች በምትና በጃይንትስ ተከላካዮች ስሕተት ሦስተኛው ቤዝ ደረሰ፤ አንድ እርምጃ ቢጨምር ጨዋታው እኩል ይሆናል። በዚያ ሰዓት ወርዋሪ ለመቀየር የማይንቀጠቀጥ አሰልጣኝ ጥቂት ነው። ቦቺ አልቀየረም፤ የመጨረሻው መቺ ኳሷን ወደ ላይ አጓናት፣ ተቀለበች፣ ጨዋታውም አለቀ። ለዓመታት ከወርዋሪ ፊት ተቀምጦ፣ ኳስ እጁ ላይ ሲያርፍ ክብደቷንና አወጣጧን እየለየ የኖረ ሰው፣ የደከመን ክንድ ካልደከመው ለይቶ ያውቃል፤ እኔ በዚያ ሌሊት ውሳኔ ውስጥ የማየው ይህን ነው።

አሁን ወደ እርስዎ ልመለስ። ጓደኞችዎ «የት ደርሰህ?» ሲሉ የሚጠይቁት የእግርዎን ችሎታ ነው፤ ታዳጊዎቹ የሚፈልጉት ግን የእርስዎን ዓይንና ትዕግሥት ነው። ከደብረ ብርሃን ብዙም በማይርቀው በጃቶ የተወለደው አበበ ቢቂላ በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ሲያሸንፍ፣ ያሠለጠነው ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን በኦሊምፒክ ሮጦ ሜዳሊያ ያገኘ ሰው አልነበረም፤ ያንን ድል ግን ያለ እርሱ ማሰብ ያስቸግራል። ይሁን እንጂ ስለ ቦቺ የነገርኩዎትን ሁሉ ለመጽናናት ብቻ እንዳይወስዱት አደራ እላለሁ። ሰውየው ታላቅ አሰልጣኝ የሆነው ተጠባባቂ ስለነበረ ሳይሆን፣ ተጠባባቂ ሆኖ በቆየበት ጊዜ ስለተማረና ከዚያም በኋላ ስድስት ዓመታት በታችኛው ቡድንና በምክትልነት ስለሠራ ነው። እርስዎም የሰፈሩን ልጆች ይያዙ፤ ጎን ለጎን ግን በከተማዋ ካሉት ልምድ ካላቸው አሰልጣኞች ለአንዱ በረዳትነት እንዲሠሩ ይጠይቁ፣ ኳስ መልቀምና ኮን መደርደርም ቢሆን አይናቁት። ካፍ የሚሰጣቸው የአሰልጣኝነት ፈቃዶች ከዲ ጀምረው ወደ ሲ፣ ወደ ቢና ወደ ኤ የሚያድጉ ናቸውና፣ ኮርሱ መቼ እንደሚከፈት በአካባቢዎ ያለውን የእግር ኳስ ፌዴሬሽን ጽሕፈት ቤት ጠይቀው ስምዎን ያስመዝግቡ። በየቡድኑ በተዘዋወሩባቸው ዓመታት ያገኟቸውን አሰልጣኞችም አንድ በአንድ ያስታውሱና የትኛው ልምምድ ለምን እንደጠቀመ፣ የትኛው ንግግር ተጫዋችን እንደሰበረ በደብተር ይጻፉ። በአራት ክለቦች ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው አራት አሰልጣኞችን በቅርብ አይቷል፤ በአንድ ክለብ የነገሠው ኮከብ ይህን ዕድል አላገኘም።

ጥያቄ፦ «በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነኝ። በቤዝቦል ከአሰልጣኞቹ ብዙዎቹ ቀላቢ ሆነው የተጫወቱ ናቸው ሲባል ሰምቻለሁ። ምክንያቱ ምን ይሆን?» ከመሐል ሜዳ።

መልስ፦ የሰሙት ትክክል ነው፤ ምክንያቱም ከቦታው ይጀምራል። በሜዳ ላይ ካሉት ዘጠኝ ተከላካዮች ስምንቱ ፊታቸውን ወደ መቺው ሲያዞሩ፣ ቀላቢው ብቻ ፊቱን ወደ እነርሱ አዙሮ ሜዳውን በሙሉ ያያል። ፊቱ ላይ የብረት ጭምብል፣ ደረቱና ቅልጥሙ ላይ መከላከያ አጥልቆ ቁጢጥ ይላል። ወርዋሪው ምን ዓይነት ኳስ እንዲልክ የሚጠቁመው እርሱ ሲሆን፣ ይህን የሚያደርገው ጣቶቹን በጭኖቹ መካከል ሰውሮ ነው፤ በተለመደው አሠራር አንድ ጣት ፈጣኑን ኳስ፣ ሁለት ጣት የሚታጠፈውን ያመለክታል። ባላጋራው ምልክቱን እንዳይሰርቅ ሲባል ከ2022 ጀምሮ በሜጀር ሊግ በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ማስተላለፍ ተፈቅዷል። ምልክቱን ለመስጠት ደግሞ የእያንዳንዱን መቺ ድክመት በቃል ማወቅ ያስፈልጋል። ወርዋሪው ሲናደድ ሄዶ የሚያረጋጋው፣ ዋናው ዳኛ ከጀርባው ተጠግቶ ቆሞ አብሮት ሲሠራ የሚውለው፣ ከአሰልጣኙ ወንበር የሚመጣውንም ትእዛዝ ተቀብሎ ለሌሎቹ የሚያደርሰው ይኸው ተጫዋች ነው። በአንድ ጨዋታ ከመቶ ጊዜ በላይ «አሁን ምን ይሻላል?» ብሎ የሚወስን ሰው ለአሰልጣኝነት የሚያበቃውን ሥራ እየተጫወተ ሳለ ጀምሮታል ማለት ይቻላል።

ሥራው ጉልበትን ክፉኛ ስለሚጎዳ የትኛውም ክለብ በአንድ ቀላቢ አይተማመንም። በዚህም የተነሣ ኳስ መምታት የማይሆንለት፣ ነገር ግን ብልህና ታማኝ የሆነ ሁለተኛ ቀላቢ ሁልጊዜ ይፈለጋል፤ አንዱ ክለብ ሲለቅቀው ሌላው ይወስደዋል። ኬቨን ካሽ በዚህ መንገድ አምስት ክለቦችን ዞሯል፤ የመምታት ስሌቱም 183 ነው፣ ይህም ከቦቺ እንኳ እጅግ ያንሳል። በ2015 የታምፓ ቤይ ሬይስ አሰልጣኝ ሆኖ በ2020 እና በ2021 በተከታታይ የሊጉ ምርጥ አሰልጣኝ ተብሏል። ስቲቨን ቮግትም አለ፤ ሜጀር ሊግ እንደገባ በተከታታይ 32 ጊዜ ሞክሮ አንድም ሳይሳካለት የቀረ፣ በኋላ ግን ሁለት ጊዜ ከኮከቦች ጋር ለመሰለፍ የተመረጠ ቀላቢ ነው። በ2022 መጫወት አቁሞ፣ አንድ ዓመት በሲያትል በረዳትነት ሠርቶ፣ በ2024 ክሊቭላንድን ሲረከብ በመጀመሪያው ዓመቱ የሊጉ ምርጥ አሰልጣኝ ተባለ።

ነገር ግን ቀላቢነት ለትክክለኛ ውሳኔ ዋስትና እንዳይመስልዎት። በ2020ው ፍጻሜ ስድስተኛ ጨዋታ የካሽ ወርዋሪ ብሌክ ስኔል ሎስ አንጀለስ ዶጀርስን አላላውስ ብሎ ነበር፤ 73 ኳስ ብቻ ወርውሮ መቺዎችን ዘጠኝ ጊዜ በውርወራው ብቻ አሰናብቷል፣ የተመታበትም ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ካሽ ግን መቺዎቹ ለሦስተኛ ጊዜ ሲመለሱ ወርዋሪውን ይለምዱታል የሚለውን የክለቡን ስሌት ተከትሎ በስድስተኛው ዙር አስወጣው። አንድ ለባዶ ይመራ የነበረው ቡድን ወዲያው ተቀደመ፣ ሦስት ለአንድም ተሸንፎ ዋንጫውን አጣ። ሁለቱም ተጠባባቂ ቀላቢ የነበሩ አሰልጣኞች፣ በስድስት ዓመት ልዩነት፣ አንድ ዓይነት ጥያቄ ቀርቦላቸው በተቃራኒ መንገድ መልሰውታል። ስሌቱ ከንቱ ነው አልልም፤ በ162 ጨዋታዎች ላይ ካሽን ብዙ ጠቅሞታል። በመጨረሻው ጨዋታ ግን ፊት ለፊት የሚታየው ሰው ከቁጥሩ የበለጠ ይናገር ነበር ብዬ አምናለሁ።

ጥያቄ፦ «የቤዝቦል አሰልጣኞች በእርጅናቸው የተጫዋች መለያ ለብሰው በቴሌቪዥን ሳይ ይገርመኛል። ለምንድን ነው?» ከደብረ ሲና።

መልስ፦ በጨዋታው መጀመሪያ ዘመን ቡድኑን የሚመራው ከተጫዋቾቹ አንዱ ስለነበረ ልብሱ በልማድ ቀረ፤ ዛሬም አሰልጣኙ ወርዋሪ ለመቀየር ራሱ ሜዳ ውስጥ ይገባል። ከቀድሞዎቹ መካከል በሙሉ ልብስና በባርኔጣ ያሠለጠነው ኮኒ ማክ የታወቀ ነው። እርሱም ቀላቢ የነበረ ሲሆን የፊላደልፊያን ክለብ ከ1901 እስከ 1950 ለሃምሳ የውድድር ዘመናት መርቷል።

ጥያቄ፦ «ባለፈው እትም ካስታወቃችሁት ስረዳ፣ ደካማ ተጫዋች የነበረ ጥሩ አሰልጣኝ ይሆናል ልትሉን ነው። ታዲያ ታላላቆቹ ተጫዋቾች የት ሄዱ? ችሎታ እንቅፋት ሆነ ማለት ነውን?» ከሸዋ ሮቢት።

መልስ፦ እንዲህ ያለ ሕግ የለም። ጆ ቶሪ በተጫዋችነቱ ዘጠኝ ጊዜ ከኮከቦች ተርታ የተመረጠና በ1971 የሊጉ ኮከብ የተባለ ሰው ሲሆን፣ ያንኪስን በ1996፣ በ1998፣ በ1999 እና በ2000 ለዋንጫ አብቅቷል። ይሁን እንጂ ታላቅነት ብቻውን እንደማይበቃ የሚያሳየው የቴድ ዊሊያምስ ታሪክ ነው። ቴድ ዊሊያምስ በብዙዎች ዘንድ ከዘመናት ሁሉ ታላቁ መቺ ነው ይባላል፤ በ1941 ከአንድ ሺህ ሙከራ 406 አስመዝግቧል፣ ከዚያን ጊዜ ወዲህም ዛሬ ባሉት ሁለት የሜጀር ሊግ ክፍሎች አንድን የውድድር ዘመን ሙሉ ተጫውቶ አራት መቶ የደረሰ መቺ አልተገኘም። በ1969 የዋሽንግተንን ክለብ ተረክቦ በመጀመሪያው ዓመት በጥሩ ሁኔታ ጀመረ፣ ምርጥ አሰልጣኝም ተባለ። ከዚያ በኋላ ግን ቡድኑ በየዓመቱ ወደ ታች ወረደ፤ በ1972 ክለቡ ወደ ቴክሳስ ተዛውሮ ሬንጀርስ በተባለበት ዓመት 100 ጊዜ ተሸንፎ ዊሊያምስ ሥራውን ለቀቀ። ከሃምሳ አንድ ዓመት በኋላ ለዚሁ ክለብ የመጀመሪያውን ዋንጫ ያመጣው ከፍ ብዬ የተረክሁለት ባለ 239ኙ ቦቺ ነው።

የማሠልጠን ሥራ ከመጫወት የተለየ ሙያ በመሆኑ ነው ይህ የሚሆነው። ኳሷን በዓይኑ አይቶ ወዲያው የሚመታ ሰው እንዴት እንዳደረገው ደረጃ በደረጃ መዘርዘር ላይችል ይችላል፤ ለመምታት ሲል እግሩን የት እንደሚያቆም፣ ዱላውን እንዴት እንደሚይዝ አሥር ዓመት ሲፈትሽ የኖረ ግን የእያንዳንዱን ስሕተት መነሻ ያውቀዋል። የዶጀርስ አሰልጣኝ የነበረው ዋልተር አልስተን በሜጀር ሊግ ለመምታት የቆመው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ በ1936 የውድድሩ መዝጊያ ቀን ተቀይሮ ገብቶ ሳይሳካለት ወጣ፣ ተመልሶም አልተሰለፈም። ይኸው ሰው ከ1954 ጀምሮ ለ23 ዓመታት በየዓመቱ የሚታደስ የአንድ ዓመት ውል እየፈረመ ዶጀርስን ሲመራ፣ በ1955፣ በ1959፣ በ1963 እና በ1965 ሻምፒዮን አድርጎታል። የክለብ ኃላፊዎቻችን አሰልጣኝ ሲቀጥሩ አስቀድመው «ለየትኛው ትልቅ ቡድን ተጫውቷል?» ብለው የሚጠይቁትን ልማድ ቢተዉትና፣ «ከእርሱ እጅ ስንት ተጫዋች አድጎ ወጣ?» ብለው ቢጠይቁ መልካም ነው።

ጥያቄ፦ «ልጄ አሥራ አምስት ዓመቱ ነው። ትምህርቱን ትቶ ኳስ ብቻ ልጫወት ይለኛል። በቡድኑ ግን ሁልጊዜ የሚቀመጠው በተጠባባቂነት መሆኑን ጎረቤቶቼ ነግረውኛል። ከኳሱ ላስቀረው ወይስ ልተወው?» አንዲት እናት፣ ከአንኮበር።

መልስ፦ ከኳሱ አያስቀሩት፤ ትምህርቱንም እንዲተው አይፍቀዱለት። ከላይ የጠቀስኩት አልስተን በታችኞቹ ሊጎች ሲጫወትና ሲያሠለጥን በቆየባቸው ዓመታት፣ የውድድሩ ወቅት ሲያበቃ ወደ ትውልድ ግዛቱ ኦሃዮ እየተመለሰ በመምህርነት ይሠራ ነበር። ቶኒ ላ ሩሳ የተባለ ሌላ ሰው ደግሞ በሜጀር ሊግ 132 ጊዜ ብቻ ተሰልፎ፣ በ199 ስሌት ተጫዋችነቱን የጨረሰ ነው። እርሱ ጨዋታ በማይኖርባቸው ወራት ሕግ ሲማር ቆይቶ በ1978 ከፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲ በሕግ ተመረቀ፤ በሚቀጥለው ዓመት የቺካጎ ዋይት ሶክስ አሰልጣኝ ሆነ። ቆይቶም ኦክላንድን በ1989፣ ሴንት ሉዊስን በ2006 እና በ2011 ሻምፒዮን አድርጓል። ትምህርቱ ከሜዳው አላዘገየውም፤ ሜዳው ባይሳካለት ኖሮ ደግሞ ጠበቃ ሆኖ ይኖር ነበር።

ልጅዎን በቁጣ አይያዙት፤ በዚህ ዕድሜ ወንበር ላይ መቀመጥ እንደሚያሳፍር ያስቡለት። ከተቻለዎት አሰልጣኙን አግኝተው፣ ልጁ በማይሰለፍበት ቀን አጠገባቸው ተቀምጦ የተጋጣሚውን አጨዋወት በደብተር እንዲመዘግብ፣ ከጨዋታው በኋላም የጻፈውን እንዲያነቡለት ይጠይቋቸው። እምቢ የሚል አሰልጣኝ ይኖራል ብዬ አልገምትም። የትምህርት ቤቱን የፈተና ወቅት ግን ለማንም ጨዋታ አሳልፈው አይስጡ፤ ይህን ከአሁኑ ለአሰልጣኙም ለልጁም በግልጽ ይንገሯቸው።